የእቁቡን ደብተር ማን ይይዛል? ስለ ሴቶች ማኅበርና ስለ ጎልማሶች ትምህርት

አክስቴ ስሟን ስትጽፍ ማየት ደስ ይላል። እስክሪብቶውን እንደ ማማሰያ ጨብጣ ትይዛለች። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ይላል። ከዚያ አራት ፊደል አንድ በአንድ ታስቀምጣለች፤ በመካከላቸው የሚቀረው ቦታ ሌላ ስም ያስገባል። ይህን የተማረችው በ1972 ዓ.ም.፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያስተማራት በዕድሜ የሚያንሳት የከተማ ተማሪ ነበር። ፈተና ተፈትና ወረቀት ተሰጣት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከስሟ በቀር ሁሉም ጠፋት። "ምን ላነብበት? ማን ደብዳቤ ሊጽፍልኝ?" ትላለች እስከ ዛሬ።

ሁለተኛ ጊዜ የተማረችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ማንም ክፍል አላስገባትም። ከተማ ገብታ፣ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር እቁብ ጀምራ፣ የእቁቡ ደብተር እጇ ላይ ስለወደቀ ነው። ይሄኛው አልጠፋትም።

ሴቶችን ማስተማርና ሴቶችን ማደራጀት በየስብሰባው አብረው ይጠራሉ። አብረው ስለሚጠሩም አንዱ ለሌላው ምን እንደሚያደርግለት የታወቀ ይመስላል። ግን ቆም ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ ቶሎ አይመጣም። ፊደል መቁጠር ሴትን ከወንድ ጋር እኩል የሚያደርጋት በምን መንገድ ነው? ማኅበሩስ ምን ይጨምራል? እኔ የገባኝን በቀላሉ ላስረዳ።

ከአሻራው እንጀምር

ቀለም የነካ አውራ ጣት ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሴትየዋ ተስማምታለች ይባላል። በምን እንደተስማማች የምታውቀው ግን ሌላ ሰው አንብቦ የነገራትን ያህል ነው። አንባቢው ባሏ ሊሆን ይችላል፤ ወንድሟ፣ ደላላው፣ አንዳንዴም ራሱ አበዳሪው። ታማኝ ከሆነ እሰየው። ካልሆነስ? ሳታውቅ ዋስ የሆነች፣ የውርስ ድርሻዋን "በፈቃዷ" ለወንድሟ የለቀቀች ሴት ታሪክ በየቤተሰቡ አለ። እንዲህ ያለችው ሴት በኋላ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ የሚያነብላት ፍለጋ ትዞራለች።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ። ወንዶቹ 69 በመቶ።

"ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለውን ተረት ብዙ ሰው እንደ ስድብ ያነሳዋል። እኔ እንደ ማስረጃ ነው የማየው። ልብ በሉ፣ ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ታውቅ ይሆናል፣ ነገሩ የሚቋጨው ግን በወንድ ነው ነው የሚለው። ስለዚህ ጥያቄው የዕውቀት ብቻ አይደለም። ነገሩን የሚቋጨው፣ የሚፈርመው፣ የሚወስነው ማነው የሚል ነው።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ከተረቱ ጋር ይስማማ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገዋል። ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባታል። አንቀጽ 646 ደግሞ የበለጠ ይገርማል፦ ባል ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የሚስት ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15። (ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለዚህ "ይሄ እኮ የራሳችን ባህል ነው" ብሎ የሚከራከር ካለ፣ አለቅነቱ በከፊል በአውሮፕላን እንደመጣ ይወቅ።)

አሁን በዚያ ዘመን የኖረች የተማረች ሴት አስቡ። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1923 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የነበሩት ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ፓርላማ ገብተዋል። የተማረች ሴት አልጠፋችም ማለት ነው። ነገር ግን ፊደል የቆጠረችውም፣ ዲፕሎማ የያዘችውም፣ ቤቷ ስትገባ ያው አንቀጽ 635 ይጠብቃታል። ለብቻዋ የምታደርገው ነገር የለም። ደግ ባል እንዲገጥማት መጸለይ ካልሆነ።

ሕጉን የነካው ማኅበር ነው

እ.ኤ.አ. በ1995 ጥቂት የሕግ ባለሙያ ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። የመጀመሪያዋ ዋና ዳይሬክተር ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት እሳቸው ናቸው።

የማኅበሩ ሥራ ሁለት እግር ነበረው። አንደኛው ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች በነፃ መቆም። ሁለተኛው ሕጉ ራሱ እንዲለወጥ መወትወት። ሁለቱ ተለያይተው የሚሠሩ ቢመስሉም አንዱ ሌላውን ይመግበዋል። በር አንኳኩተው የሚገቡት ሴቶች ሕጉ የት የት ጋ እንደሚያም ይናገራሉ። ሺህ ሴት ስትመጣ የአንዷ መከራ "የአንዷ ዕድል" መሆኑ ያበቃል። አንቀጽ ቁጥር ያለው ችግር ይሆናል።

ዓለም የሰማውን አንድ ጉዳይ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የማኅበሩ ጠበቆች ራሷን ስትከላከል ነው ብለው ተከራክረው በነፃ ተለቀቀች። በጊዜው በሥራ ላይ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከክስ እንዲያመልጥ በር ይከፍት ነበር። ወንጀሉን በሠርግ ማጠብ ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2004) የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው።

ከዚያ በፊት ግን የቤተሰብ ሕጉ መጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች እኩልነትን ደንግጎ ነበር። የድሮው የቤተሰብ ሕግ ግን እዚያው እንደተቀመጠ ቀረ። ማኅበሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይኸው፣ አይጣጣሙም" አለ። በየመድረኩ፣ በየሬዲዮው ተከራከረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የቤተሰብ አለቃ የሚባል ቀረ። የጋራ ንብረት በጋራ ይተዳደራል ተባለ።

ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚል ይኖራል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸውታል። ዕድላቸው ጥሩ ሆኖ ሕጉ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ አልተተገበረም፤ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ እስኪያወጡ ይዘገያሉ። ስለዚህ ሕጉ ቀድሞ የደረሰበትን አካባቢ ካልደረሰበት ጋር ማወዳደር ቻሉ። ቀድሞ በደረሰበት ሴቶች ከቤት ውጭ ሥራ የመያዝ፣ በተለይም ትምህርት በሚጠይቅ ሥራ የመሰማራት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ሚስት ከቤት ውጭ እንዳትሠራ ባል ሊከለክላት የሚችልበት ሕግ ሲነሳ፣ የተማረችው ትምህርት ያኔ ዋጋ አገኘ። አንቀጽ 635 ሲሄድ ዲፕሎማው ከመሳቢያ ወጣ ማለት ነው።

ፊደሉ ለምን ይጠፋል?

ወደ አክስቴ ልመለስ። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። መፈክሩ "የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር" ነበር። በዙር በዙር እየተካሄደ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ሸለመው። ዘመቻውን አሳንሶ ማየት አይገባም። እናቶቻችን ሰሌዳ ፊት የተቀመጡት፣ ሕፃን ጀርባቸው ላይ አዝለው ጠመኔ የያዙት ያኔ ነው። አክስቴ ስለዚያ ጊዜ ስታወራ ዛሬም ፊቷ ይፈካል።

ችግሩ ከዙሩ በኋላ ነው። ገጠሩ ውስጥ የሚነበብ ምን ነበር? ጋዜጣ የለም። መጽሐፉ አንዴ ከተነበበ አለቀ። ፊደል እንደ ማሳ ነው፤ ካልታረሰ ዳዋ ይበላዋል።

በዚያው ሰሞን የሴቶች ማኅበርም ነበር። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ ባጭሩ አኢሴማ፣ በ1972 ዓ.ም. ተቋቁሞ እስከ ቀበሌ ወረደ። ማኅበርም ትምህርትም በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ጊዜ ተገናኙ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልሆነም? ማኅበሩ የሴቶቹ ስላልነበረ ይመስለኛል። አጀንዳው ከላይ ይመጣል። ሴቶቹ የሚጠሩት መዋጮ ለማዋጣት፣ ለዘማች ስንቅ ለማዘጋጀት፣ ለሰልፍ ነው። ባሌ ይመታኛል የምትል ሴት እዚያ የሚሰማት ብታገኝ ዕድለኛ ናት። እንዲያም ሆኖ አክስቴ አንድ ነገር አትክድም፦ "ሰው ፊት እጄን አውጥቼ የተናገርሁት መጀመሪያ እዚያ ነው።"

ከዓመታት በኋላ የመጡት የልማት ቡድኖችና አንድ ለአምስት አደረጃጀቶችም ከዚህ ጠባይ ብዙ አልራቁም። በጤና በኩል ጥሩ ነገር አድርሰዋል። እናቶች ጤና ጣቢያ እንዲወልዱ፣ ልጆች እንዲከተቡ ቤት ለቤት ያስተማሩት ሴቶች ናቸው። ግን መልእክቱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። አድራሿ ሴት ደግሞ አንድ ብር አይከፈላትም። ሴትን መልእክተኛ ማድረግና ሴትን ተናጋሪ ማድረግ አንድ አይደለም።

በከምባታ የሆነው

ተናጋሪ ማድረግ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ደቡብ፣ ወደ ከምባታ እንሂድ። ቦጋለች ገብሬ ልጅ ሳሉ ውኃ ልቅዳ እያሉ በዚያው ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ብቅ ይሉ ነበር። ፊደል የቆጠሩት በስርቆሽ ነው። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም አሜሪካ ድረስ ተማሩ። ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለ የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ።

ሲመለሱ የመጡበት ጉዳይ የሴት ልጅ ግርዛትና ጠለፋ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ስለ ድልድይ አነሱ። ወንዙ ልጆቹን ከትምህርት ቤት፣ ገበያተኛውን ከገበያ አግዶታል። ቦጋለች ድልድዩን አሠሩ። ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ትዕግሥታቸው ነው። "እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው" ማለት ይችሉ ነበር። ድልድዩ ካለቀ በኋላ ግን ሰዉ ጆሮ ሰጣቸው።

ትምህርቱ የተሰጠው በጥቁር ሰሌዳ አልነበረም። የማኅበረሰብ ውይይት ይባላል። ወንዶችም፣ ሴቶችም፣ ሽማግሌዎችም፣ ወጣቶችም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይቀመጣሉ። የሚያወያያቸው ከእነሱው መካከል የሠለጠነ ሰው ነው። ክልክል ነው ብሎ የሚጮህባቸው የለም። ይልቅ "ይህን ለምን እናደርጋለን? ምን ይጠቅመናል? ማን ይጎዳል?" ይባላል። ወራት ይፈጃል። አንዱ ይናደዳል፣ ሌላው ይወጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ሰዎቹ ራሳቸው ይወስናሉ፤ የወሰኑትንም በእድራቸው ደንብ ያስገቡታል። እድር ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ መንገር የለብኝም። ከእድር መውጣት ማለት ሬሳን ለብቻ መቅበር ማለት ነው። ስለዚህ እድሩ ያጸደቀው ደንብ ከአዲስ አበባ ከመጣ አዋጅ ይልቅ ይፈራል።

ያልተገረዘች ልጅ የሚያገባት አታገኝም የሚለው ፍርሃት የተሰበረው በሠርግ ነው። ሙሽሪት ያልተገረዘች መሆኗ በአደባባይ ተነግሮ፣ ሙሽራውም በዚሁ ኮርቶ፣ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተሠረገ። ዩኒሴፍ ይፋ እንዳደረገው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይገረዙበት በነበረው አካባቢ ቁጥሩ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ3 በመቶ በታች ወርዷል። ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አረፉ።

ይህ የጎልማሶች ትምህርት ነው ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ጎልማሳ እንደ ሕፃን ባዶ ማሰሮ ይዞ አይመጣም። ኑሮውን፣ ፍርሃቱን፣ ልምዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ትምህርቱ ከዚያ ካልተነሳ የትም አይደርስም።

የእቁቡ ደብተር

አሁን አክስቴ ሁለተኛ ጊዜ ወደተማረችበት ልምጣ። እቁባቸው 14 ሴቶች ነበሩበት። መጀመሪያ ደብተሩን የሚይዝላቸው የአንዷ ልጅ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል የሚማር ጎረምሳ። እሁድ እሁድ ኳስ ስላለበት ያረፍዳል። እነሱ ቡና አፍልተው ይጠብቁታል። አንድ ቀን ከነጭራሹ ቀረ። አሥራ አራት ትልልቅ ሴቶች ገንዘባቸውን ይዘው አንድ ልጅ ጠብቀው ተበተኑ።

በሚቀጥለው ሳምንት አክስቴ "አምጡት፣ እኔ እሞክረዋለሁ" አለች። ስም መጻፍ ትችላለች፤ የሰው ስም ደግሞ ከራሷ ስም የተለየ ምን አለው? የማታውቀው ፊደል ሲመጣ የስሙን ባለቤት ትጠይቃለች፤ ባለቤቷም ካላወቀች ሁለቱ ተያይዘው ጎረቤት ይሄዳሉ። ከፋይ ፊት ራይት ታደርጋለች። ያልከፈለች ባዶ ትቀራለች። ስድስት ወር ሳይሞላ ዕዳና ቅጣት መጻፍ ጀመረች። የዳቦ ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የታክሲ ታፔላ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ጀመር።

ልዩነቱ ይህ ነው። በ1972 ፊደሉ መጀመሪያ መጣ፤ ጥቅሙ ይከተላል ተብሎ ተጠበቀ። አልመጣም። በእቁቡ ጊዜ ጥቅሙ ቀድሞ ነበር፣ ፊደሉ ተከተለው። የራስ አገዝ ቡድኖችም የሚሠሩት በዚህ ነው። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቆጥባሉ፣ እርስ በርስ ይበዳደራሉ። ብድር ካለ መዝገብ አለ። መዝገብ ካለ የሚያነብ ያስፈልጋል። ከመካከላቸው ማንም ካላነበበ ደብተሩ ወደ ወንድ እጅ ይሄዳል፤ ደብተሩን የያዘ ደግሞ ቀስ እያለ ውሳኔውንም ይይዛል። በስንቱ እድር ነው ሴቶቹ ወጥ ቤት ሆነው ወንዶቹ መዝገቡን ይዘው የተቀመጡት?

የጎልማሶች መማሪያ ክፍሎች ለምን ባዶ ይሆናሉ ለሚለውም መልሱ እዚሁ አካባቢ ነው። መንግሥት የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚለው መርሐ ግብር ስሙ ራሱ ትክክለኛውን ነገር ይናገራል፦ ፊደሉ ከሥራ ጋር ይያያዝ ነው። ብዙ ቦታ ግን በተግባር የሚሰጠው ሀሁው ብቻ ነው። ሰዓቱ ሴትየዋ ውኃ የምትቀዳበት ወይ እራት የምታሰናዳበት ይሆናል። ሕፃኑን የሚይዝላት የለም። ባል "አሁን ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?" ይላል። ሦስት ቀን ትመጣለች፣ በአራተኛው ትቀራለች። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ ሰዓቷን ቆጥራ ስላልተመቻት ነው።

ማኅበር በቀላሉ ይታመማል

አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። ሕጉን ያስለወጠው የሴት ጠበቆች ማኅበር ራሱ በሕግ ተመትቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በፆታ እኩልነት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። በድሃ አገር የሴቶችን ክስ በነፃ የሚይዝ ማኅበር ዘጠና በመቶውን ከየት ያመጣል? አብዛኛውን ሠራተኛውን አሰናበተ። በሌሎች ድርጅቶችም እንዲሁ ሆነ፤ ብዙዎቹ መብት የሚለውን ቃል ከዓላማቸው ፍቀው ልማት በሚለው ተኩ። አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው።

በእነዚያ አሥር ዓመታት ወረቀቷን በነጠላ ቋጥራ የምትመጣዋ ሴት አልቀረችም። የምታንኳኳው በር ነው የቀነሰው።

ወደ ፒኑ

ዛሬ አሻራ እየቀረ ነው፤ በምትኩ ስልክ መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የእቁቡ ገንዘብም ቀስ በቀስ ወደ ስልክ ገባ። ማንበብ የማትችል ሴት ስልኳን ለልጇ ወይ ለባለሱቁ ትሰጣለች። የምስጢር ቁጥሯንም አብራ ትነግረዋለች። የድሮው አሻራ ማለት ነው፣ አሁን አራት ወይ ስድስት አኃዝ ሆኖ ተመለሰ።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። የእቁብ ገንዘብ የምትልክላት ሴት ነበረች። ልርዳሽ ብዬ እጄን ብዘረጋ ስልኩን ወደ ደረቷ ሳበች። መነጽሯን አደረገች። ዘወር ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አንድ በአንድ ነካች። "አንተ ቡናህን ጠጣ" አለችኝ።